ያባታችን ሞተር ብስክሌት

በሆሳዕና ፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆናችን፥ ወንድማማቾች ስለ ርስት ሲካሰሱ ቃላቸውን እየጻፍን ኖረናል። በገዛ ቤታችን ግን አባታችን የተዉልን አሮጌ ያማሃ ሞተር ብስክሌት ከታናሽ ወንድማችን ጋር አቃቃረን። እርሱ ይሸጥ አለ፤ እኛ አይሸጥም አልን፤ ሞተሩም ሁለት ክረምት ዛገ።

አባታችን የከብት ሐኪም ነበሩና በዚሁ ሞተር እስከ አንጋጫና ዱራሜ ጭቃውን ይወጡት ነበር። በስኮትላንድ በ1909 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የስድስት ቀን የሞተር ብስክሌት ውድድር አለ፤ የሚመሰገንበትም ፈጥኖ የደረሰ ሳይሆን ድንጋዩንና ገደሉን እግሩ መሬት ሳይነካ የወጣ ነው። አባታችን ይህንኑ ያለ ሽልማት አደረጉት።

ኋላ ልናስነሣው ቈርጠን ዝገቱን ጠረግን፤ ካቴናውን ዘይት ቀባን፤ ካርቡራቶሩንም በአዲስ ለወጥን። ሞተሩ ቢነሣም እየሳለ ጠፋ፤ ካንዴላውም ጥላሸት ለበሰ። ቤንዚን ያነሰው መስሎን ስንጨምር፥ ወንድማችን ቆሞ አይቶ፥ «ጋሼ፥ በዛበት እንጂ አላነሰውም» አለን። እውነቱን ነበር፤ ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናትና አየሯ ስስ ነው፤ ለቆላ የተለካው ቤንዚን ይበዛባታል። ከአሮጌው ካርቡራቶር ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጠባብ ጂግለር አውጥቶ ቢገጥመው ሞተሩ ጠራ። አባታችን አስቀድመው ለክተውት ኖሯል።

በእኛም ዘንድ የበዛው ክርክር፥ ያነሰው መደማመጥ ነበር። የወላጅ ቅርስ ያቃቃራችሁ ሆይ፥ ወደ እኛ መዝገብ ሳትመጡ አስቀድማችሁ አንድ ቀን አብራችሁ ሥሩ። ዛሬ ሞተሩን በተራ እንነዳለን፤ ካንዴላውን የሚያየው ግን እርሱ ነው።