የጎመን ዘበኞች

ጎመን የሚተክል ሰው ሁሉ ክሽክሽን ያውቃል። ቅጠሉን ስትገለብጡት አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ያ አመድ ግን ሕይወት አለው።

እኔ በጓሮዬ የክሽክሽንና የጠላቶቹን ፎቶግራፍ አነሳለሁ። መሣሪያዬ ብዙ አይደለም። በእጅ ስልኬ ካሜራ ላይ ትንሽ አጉሊ መነጽር እገጥማለሁ። አጉሊ መነጽር ማለት ትንሹን ነገር አተልቆ የሚያሳይ መስታወት ነው። ከቅጠሉ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ርቄ አነሳለሁ። ነፋስ ቅጠሉን ካወዛወዘው ፎቶው ይደበዝዛል። ስለዚህ ማለዳ እወጣለሁ። ማለዳ ነፋሱ ጸጥ ይላል። ነፍሳቱም ብርድ ስለያዛቸው ቶሎ አይሸሹም።

የክሽክሽ አፍ እንደ መርፌ ነው። መርፌውን ቅጠሉ ውስጥ ሰክቶ ፈሳሹን ይመጥጣል። ቅጠሉም ይጨማደዳል። ሴቷ ክሽክሽ ያለ ወንድ መውለድ ትችላለች። ሙቀት ካለ ልጆቿ በ10 ቀን ገደማ ውስጥ ራሳቸው ወላጆች ይሆናሉ። ታዲያ ክሽክሽ አገሩን ያልሞላው ለምንድን ነው? የሚበሉት ስላሉ ነው።

አንደኛዋ ቀይ ጥንዚዛ ናት። ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ልጆች መዳፋቸው ላይ እያስሄዱ ይጫወቱባታል። በቀን እስከ 50 ክሽክሽ ልትበላ ትችላለች። በመንጋጋዋ ይዛ ታኝከዋለች።

ሁለተኛው የጥንዚዛዋ ልጅ ነው። እሱ ግን እናቱን አይመስልም። ክንፍ የለውም። ረዘም ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ብጫ ወይም ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለው ትል መሳይ ነው። ስድስት እግሮች አሉት። ለዓይን ያስጠላል። ነገር ግን አድጎ ጥንዚዛ እስኪሆን ድረስ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ይበላል።

ሦስተኛው የዝንብ ትል ነው። እናቱ ንብ የምትመስል ዝንብ ናት፤ ግን አትናደፍም። ትሉ እግርም ዓይንም የለውም። በዳበሳ ይሄዳል። ክሽክሽ ሲያገኝ ነክሶ ወደ ላይ ያነሳዋል። መጥጦ መጥጦ ባዶ ቆዳውን ይጥለዋል። ይህን ፎቶ ለማግኘት ማለዳውን ሙሉ ተንበርክኬ ጠብቄአለሁ።

ባለፈው በጋ ጎረቤቴ አሮጊት መድኃኒት መርጫ ይዘው ወደ ጎመናቸው ሲሄዱ አገኘኋቸው።

«ይህ ጥቁር ትል ቅጠሌን ጨረሰው። ላጠፋው ነው» አሉኝ።

«እናቴ፣ መጀመሪያ ይህን ይዩ» ብዬ ፎቶውን አሳየኋቸው። ጥቁሩ ትል ክሽክሹን በአፉ ይዟል።

ጠጋ ብለው አዩት። «ቅጠሉን አይደለም እንዴ የሚበላው?»

«የለም፤ የቅጠሉን ጠላት ነው የሚበላው።»

«ወይ ጉድ! የገዛ ዘበኛዬን ልገድል ነበር በለኛ!» አሉ። መርጫውን አስቀመጡ። ክሽክሽ የበዛበትን ቅጠል በእጃቸው ቀጠፉ። ያ ጎመን እኮ የልጅ ልጆቻቸው የሚበሉት ነው። መርዝ ሳይነካው መቅረቱ ለእነሱም ደግ ሆነ።

መርዝ ሲረጭ ክሽክሹም ዘበኞቹም አብረው ይሞታሉ። ክሽክሽ ግን ቶሎ ይራባል። ዘበኞቹ ይዘገያሉ። ስለዚህ ክሽክሹ ቀድሞ ይመለሳል፤ የሚከለክለውም አያገኝም።

የጥንዚዛን ጥቅም ሌላ አገርም አይቶታል። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የብርቱካን ዛፎችን የሚመጥጥ ተባይ ገብቶ ነበር። ገበሬዎቹ ተስፋ ቆርጠው ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1888 እና በ1889 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ የጥንዚዛ ዘር መጥቶ ተለቀቀ። ጥንዚዛዎቹ ተራብተው ተባዩን በሉት። ብርቱካኑም ዳነ።

እንግዲህ ይህን ለማየት የግድ ካሜራ አያስፈልግም። ዓይን ይበቃል። ከመርጨታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡ። ተጠጋግተው የቆሙ ብጫ እንቁላሎች ካያችሁ የጥንዚዛ ሊሆኑ ይችላሉና አትጨፍልቋቸው። ከጎመኑ አጠገብ ድምብላል ዝሩ፤ እስኪያብብም ተዉት። ንብ የምትመስለው ዝንብ አበባውን ፈልጋ ትመጣለች።

ሁሉም ትል ወዳጅ ነው ማለቴ አይደለም። ቅጠል ሲበላ ያያችሁትን ትል ልቀሙት። ክሽክሽ ሲበላ ያያችሁትን ግን ሥራውን ይሥራ፤ ተዉት።