የአቢጃን ካሴቶች

ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ የአማዱና የማሪያም ዘፈን ተለቀቀ። ታክሲው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ቋንቋውን ሳያውቅ አንገቱን ነቀነቀ። ዘፈኑ ሲያልቅ አቅራቢዋ «ዓይነ ስውራኑ የማሊ ባልና ሚስት» ብላ ወደ ማስታወቂያ ገባች። ማን ጻፈው፣ ጊታሩ የማን ነው፣ የት ተሠራ? ምንም!

አማዱ ባጋዮኮና ማሪያም ዱምቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ባማኮ በሚገኘው የወጣት ዓይነ ስውራን ተቋም ሲገናኙ ሁለቱም ሙዚቀኞች ነበሩ። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ በየሰርጉ የምትዘፍን ናት። እሱ ደግሞ ዘፋኙ ሳሊፍ ኬይታ በነበረበት «ሌ ዛምባሳደር» ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወታል። በ1980 ተጋቡ።

ሙዚቃው ግን እንጀራ አልሆነም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ጓዛቸውን ጠቅልለው አይቮሪ ኮስት ወደምትገኘው አቢጃን ሄዱ፤ ያኔ የአካባቢው ዘፋኝ ስቱዲዮና ካሴት አሳታሚ ፍለጋ የሚጎርፈው ወደዚያ ነበር። እዚያ በቀረጿቸው ካሴቶች ላይ ከኋላቸው የሚያጅብ ባንድ የለም። የአማዱ ጊታርና የሁለቱ ድምፅ ብቻ ነው የተቀረጸው። ጊታሩ ብቻውን የባንድ ሥራ ይሠራል፤ አማዱ እነብሉዝ ተጫዋቹ ጆን ሊ ሁከርንና ፒንክ ፍሎይድን ሲሰማ የኖረ ሰው ነውና ብሉዙ ከባምባራው ዜማ ጋር ሳይጣላ ይገባል። ማሪያም አትቸኩልም። እሱ ቦታ ሲለቅላት ትገባለች፣ ስትጨርስ እሱ ይቀበላታል። ስለ ፍቅራቸው የሚያወሩ ሰዎች ይህንን ይዘሉታል። ሁለት ሰዎች እንዲህ ለመደማመጥ ስንት ጊዜ አብረው መለማመድ እንዳለባቸው ሙዚቃ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል።

የሙዚቃውን ሠሪ ስም መዝለል ግን የእኛም ጉዳይ ነው። ድሮ የካሴት ሽፋን ተገልጦ ሲነበብ «ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ» ይል ነበር። የአበበ መለሰ ዜማና የይልማ ገብረአብ ግጥም አብረው መምጣታቸውን ብዙ ሰው ያወቀው ከዚያች ወረቀት ነው። ድምፃዊው ይቀያየራል፣ የሁለቱ ስም ግን ጎን ለጎን ይቀመጣል። ዛሬ አሮጌ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ የሚጭነው ሰው የዘፋኙን ፎቶ ይለጥፍና «የማይረሳ ትዝታ» ብሎ ይጨርሳል። ገጣሚው የት ሄደ? ዜማ ደራሲውስ? የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እኮ የሥራ አመንጪ ስሙ እንዲታወቅለት መብት ይሰጠዋል! ሰርግ ላይ ወጥ የሠራችው እንኳን በስሟ ትመሰገናለች፤ ዜማ የሠራ ሰው ምን አጠፋ?

ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። ፓሪስ የደረሱት በ1990ዎቹ ነው። ሙዚቀኛው ማኑ ቻው አብሯቸው የሠራው «ዲማንሽ አ ባማኮ» አልበም በ2004 ወጥቶ ዓለም ሲያውቃቸው ከሰርጋቸው 24 ዓመት አልፎ ነበር። ያኔ ጋዜጦች «አዲስ ግኝት» አሏቸው! በ2009 ኦስሎ ውስጥ በኖቤል የሰላም ሽልማት ኮንሰርት ላይ ተጫወቱ። በ2024 በፓሪስ ፓራሊምፒክ መዝጊያ ላይ ዘፈኑ። በሚያዝያ 2025 መጀመሪያ አማዱ በ70 ዓመቱ ባማኮ ውስጥ አረፈ። የሐዘኑ ዜናም ከጊታሩ ይልቅ ዓይኑን አስቀደመ፤ ይኸ ነው የሚያበሳጨው።

«ከየት እንጀምር?» ለምትሉ፣ ከአቢጃን ካሴቶች ጀምሩ። የ2004ቱ አልበም ግሩም ነው፤ ግን የማኑ ቻው እጅ በየቦታው ይሰማበታል። አቢጃን ላይ የሚሰሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው።