በጣርማበር መንገድ የአንዲት ጥርስ ስሕተት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው፥ ሰንዳፋንና አለልቱን ካለፈ በኋላ፥ ዓይን እስኪደክም ድረስ የተዘረጋውን የሰሜን ሸዋን ሜዳ ያያል። የገብሱና የባቄላው ማሳ፥ በድንጋይ ካብ የታጠረው ግቢ፥ በቅቤዋ ስሟ የተጠራው ሸኖ፥ ሁሉም ለመንገደኛ ደስታን የሚሰጡ ናቸው። እኔ ግን በ2010 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፥ እናቴን ይዤ ለእኅቴ ልጅ ሠርግ ወደ መቀሌ ስጓዝ፥ ይህን ሁሉ በወጉ ሳላይ አለፍሁ። ልቤን የያዘው የመኪናዬ ሞተር ነበርና።

መኪናዬ ዕድሜዋ የገፋ ባለ ካርቡራተር ቶዮታ ኮሮላ ነበረች። በጉዞው ዋዜማ የሞተሯን ባለ ጥርስ ቺንጋ አስለውጬ ነበር። ይህ ቺንጋ ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዋናውን ዘንግ፥ ቫልቮቹን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ከላይኛው ዘንግ ጋር የሚያስተባብር ነው። ዋናው ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር ላይኛው አንድ ጊዜ ይዞራል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በደቂቃ 700 ጊዜ ቢዞር፥ እያንዳንዱ ቫልቭ 350 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል ማለት ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ቢበጠስ ወይም ብዙ ጥርስ ቢዘል፥ ፒስቶንና ቫልቭ ተጋጭተው ሞተሩ ይሰበራል። ስለዚህ ከረጅም መንገድ በፊት ማስለወጤን እንደ ጥበብ ቆጥሬው ነበር።

ነገር ግን ከተለወጠ ወዲህ፥ ባለ ጋራዦች «ሚኒሞ» በሚሉት፥ እግር ከነዳጅ መስጫው ተነሥቶ ሞተሩ በዝግታ በሚሠራበት ጊዜ፥ መኪናዋ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ስትሮጥ ሕመሟ ይሰወራል፤ ስትቆም ይመለሳል። እናቴ በነጠላዋ እንደ ተከናነበች በትግርኛችን ዘዬ፥ «ወደይ፥ ይህች መኪና ብርድ ብርድ ይላታልን?» ብላ ጠየቀችኝ። «ደጋ ስለ ሆነ ነው፤ አይዞሽ» አልኋት። እውነቱን ግን አላውቀውም ነበር።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን፥ በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ከታየ በኋላ የመሠረቷት ከተማ መሆኗን ታሪክ ይነግረናል። ለቁርስ በቆምንበት ስፍራ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ወደ እኛ መጣ። «ከፍታው ሊሆን ይችላል፤ እዚህ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ካርቡራተሩ ነዳጅ ያበዛል። ከሁሉ በፊት ግን ፍሬንህን መርምር» አለኝ። የፍሬን ማገዣው የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ባዶነት ነውና፥ የሚያስተነፍሰው ያ ቱቦ ቢሆን ኖሮ የጣርማበርን ቁልቁለት መውረድ ነፍስን ማስያዝ ይሆን ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ ፍሬኑን ደጋግሜ ረገጥሁ፤ እግሬን ሳላነሣ ሞተሩን ባስነሣው ጊዜ መርገጫው ጥቂት ወረደ። «ማገዣው ደኅና ነው፤ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ ውረድ። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ መንቀጥቀጡ ከተወህ ጥፋቱ የከፍታው ነው፤ ካልተወህ ግን ሌላ ምክንያት ፈልግ» ብሎ አሰናበተን።

ጣርማበር ሲደርሱ ምድር በድንገት ያበቃች ይመስላል። ከፍታው ወደ 3,100 ሜትር ስለሚጠጋ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 70 ያህል ብቻ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፥ ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በአንድ ወገን በጉም ገብተው በሌላው ሲወጡ፥ ገደሉ ከእግር በታች ተከፍቶ፥ የደብረ ሲና ቤቶች እንደ ተበተነ እህል ይታያሉ። ጭላዳዎች በመንገዱ ዳር ሣር ሲነጩ እናቴ አይታ ሣቀች። እኔ በሁለተኛ ማርሽ፥ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ወረድሁ።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ናት። ሙቀቱ ካፖርት ያስወልቃል፤ በመንገዱ ዳር ሽንኩርቱ በጆንያ ተከምሯል። አየሩ ወፈረ፤ መኪናዋ ግን ያው መንቀጥቀጧን አልተወችም። ስለዚህ በከፍታው ማመካኘቴ እዚያው አበቃ። በግራር ጥላ ሥር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ አቆምሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፥ ልጄ?» አሉኝ።

«ቺንጋው ከተለወጠ ወዲህ ነው፥ አባቴ።»

«እንግዲያስ የሰው እጅ በመጨረሻ ከነካው ነገር እንጀምር» አሉና ኮፋኖውን ከፈቱ።

አስቀድመው ሳይታሰር የቀረ የአየር ቱቦ እንዳለ በጆሯቸውና በጣታቸው መረመሩ፤ አልነበረም። ቀጥለው ወፍራም የጎማ ጓንት አጥልቀው፥ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ እየነቀሉ መለሱ። አራቱም ሲነቀሉ ሞተሩ እኩል ደከመ። «የታመመው አንድ ፒስቶን ቢሆን ኖሮ፥ የእርሱ ገመድ ሲነቀል ለውጥ ባልተሰማ ነበር። አራቱም እኩል ስለ ደከሙ ጥፋቱ የጋራቸው ነው» ሲሉ አስረዱኝ።

ከዚያ ካንዴላዎቹን አውልቀው፥ ሽፋኑን ፈትተው፥ ዋናውን ዘንግ በቁልፍ በእጃቸው እያዞሩ ምልክቱን ከዜሮው ጋር አገጣጠሙ። የላይኛው ጥርስ ምልክት ግን ከስፍራው አንዲት ጥርስ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በብዙ ሞተሮች አንዲት ጥርስ በዋናው ዘንግ ላይ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ትሆናለች። ቫልቮቹ ዘግይተው ስለሚዘጉ፥ በዝግታ በሚሠራው ሞተር የተሳበው አየር ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን ጉድለቱ ይሸፈናል።

«የሠራው ልጅ ሙያ ጠፍቶት አይመስለኝም» አሉ ሽማግሌው። «መወጠሪያው ሲጠብቅ የረገበው ቺንጋ ይሳባል፤ ያን ጊዜ ጥርስ ይፈናቀላል። መድኃኒቱ ከጠበቀ በኋላ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሮ ምልክቱን እንደ ገና ማየት ነው። ይህን ለማድረግ ጊዜ አጥቶ ይሆናል።»

ይህን ስሰማ ፊቴ ጋለ። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ለዚያ ወጣት የምናገረውን የቁጣ ቃል ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። አሁን ግን በዋዜማው ያደረግሁት ትዝ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ስልክ ደውዬ፥ በአራተኛው ራሴ ሄጄ፥ «ጨርስ እንጂ! መሽቶብኛል» ብዬ በላዩ ላይ ቆሜበት ነበር። እርሱም፥ «ጋሼ፥ አንድ ጊዜ ልየው» ሲለኝ፥ «ይበቃል» ያልሁት እኔ ነበርሁ።

ሽማግሌው ከሦስት ሰዓት በኋላ ሁሉንም ገጥመው፥ ሁለቱን ዙር በእጃቸው አዙረው፥ ምልክቱን ለእኔም አሳይተው ሞተሩን አስነሡት። ሒሳቤን ከፍዬ ገብቼ ተቀመጥሁ። እናቴ ጥቂት ጠበቀችና፥ «ወደይ፥ ምነው አታስነሣትም?» አለችኝ።

«ተነሥታለች፥ እናቴ» አልኋት።

ሠርጉም ሳያልፈን ደረስን። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ለወጣቱ ሁሉንም ነገርሁት፤ የእኔንም ጥፋት አልሸሸግሁትም። ከዚያ ወዲህ እርሱ ሁለቱን ዙር ሳያዞር መኪና አያስረክብም፤ እኔም ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አጠገቡ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ክቡር አንባቢም መኪናውን ከጋራዥ ሲረከብ፥ «መቼ ይደርሳል?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት፥ «በእጅ ተዙሮ ታይቷልን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ከእኔ ይልቅ የጣርማበርን ውበት አይቶ ለማለፍ ይችላል።