አራት አራት ሆነን

ዳባት ከተማ ውስጥ ጠላ እየጠመቅሁ ነው ልጆቼን የማሳድገው፤ ቤቱ የኪራይ ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው የሚኖረው በገበያ ቀን ነው፦ ገብሱንና ድንቹን ሊሸጥ የወጣ ገበሬ ወደ አገሩ ሲመለስ ጎራ ይላል፤ እኔም የሳምንቱን ወጪ እይዛለሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና ኢትዮጵያ ገባ ሲባል ብዙም አልደነገጥንም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ መኪና ከመንገድ ሲጠፋ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን ነገሩ ገባን። ጠላው በጋኑ ኮመጠጠ።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ያለው ሰው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። የእኛ ሀብት ደግሞ ሰው ነው፤ ዕድሩ፣ ጽዋው፣ ቡናው። እሱ ሲቆም ባዶ እጃችንን ቀረን።

በዚያ ሰሞን በቀን ሥራ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን አረፉ። በምን እንደሞቱ የመረመረ የለም። ጥሩምባ ሳይነፋ፣ ድንኳን ሳይጣል፣ ጥቂት ወንዶች ተሸክመው ወሰዷቸው። እኛ ሴቶቹ በየደጃችን ቆመን አለቀስን። ቤታቸው ሲታይ ለአንድ እራት የሚበቃ ዱቄት አልተገኘም። ለእርዳታ በተያዘው መዝገብ ላይም ስማቸው የለም፤ «ተከራይ ናቸው፣ መታወቂያ የላቸውም» ተባለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ሰዎች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በወረዳችን ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውንና የሞተውን ይመዘግባሉ። ስንወለድም ስንሞትም እንቆጠራለን፤ ዱቄት ሲታደል ነው የምንጠፋው።

የዕድራችን ሴቶች ያኔ ተነሳን። ቦኖ ላይ አራት ሆነን፣ ተራርቀን ቆመን ተመካከርን። ከዚያ እያንዳንዳችን ሄደን ሌሎች ሦስት ሦስት ሰዎች አገኘን፤ አዋጁ ሳይጣስ ነገሩ ሰፈሩን አዳረሰ። ትምህርት የተዘጋባት አንዲት ልጅ ደብተር ያዘች። ተከራዩን፣ ልብስ አጣቢዋን፣ ተሸካሚውን፣ የቆሎ ተማሪውን ሁሉ ጻፈች። የሚያስለውና ትኩሳት ያለበት ለብቻው ተጻፈ፤ እሱን ለጤና ኤክስቴንሽኗ ሰጠናት።

እሷም በፈንታዋ አንድ ነገር ነገረችን። የአዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ ተከራይ ማስወጣትንም ኪራይ መጨመርንም ይከለክል ነበር ለካ። አከራዬ «ወሩ ሲሞላ ክፈይ፣ አለዚያ ልቀቂ» ብለውኝ ነበር። አራት ሆነን ሄደን «ጋሼ፣ ሕጉ እንዲህ ይላል» አልናቸው። ተቆጡ፤ ኪራዩ ለሳቸውም እንጀራ ነው። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ገበያ ሲሞቅ ብለን ተስማማን። ወሬው ሲሰማ ሌሎች ተከራዮችም እንዲሁ አደረጉ።

በመጨረሻ ደብተሩን ይዘን ቀበሌ ሄድን። አራታችን ገባን፤ የቀሩት አራት አራት ሆነው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ከውጭ ቆሙ። ሹሙ ስለ ረሃባችን ከመጠየቁ በፊት «የየትኛው ፓርቲ ናችሁ? ይኼ ፖለቲካ ነው» አለን። ለነሐሴ ተቆርጦ የነበረው ምርጫ የተራዘመበት ዓመት ነው፤ ድሀ ተሰልፎ ማየት አስፈርቶታል። አብራን የገባችው አሮጊት «ልጄ፣ የዕድር ነን። ዛሬ ካልመዘገብኸን ነገ ቀብረን እንመጣለን» አለችው።

ደብተሩን ተቀበለ። የጻፍነው ሰው ሁሉ አልተጨመረም፤ ቀርቶ የተራበ አለ፣ ልጆቹን ይዞ ወደ ገጠር የገባም አለ። ዱቄቱ ሲመጣ ግን የእሱ መዝገብና የእኛ ደብተር ጎን ለጎን ተከፍተው፣ ስም ሰው ፊት እየተጠራ ታደለ። እኔም ልጆቼን ይዤ ክረምቱን የወጣሁት በዚያ ነው።

በነሐሴ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት እዚሁ ወረዳችን ጭና ተክለሃይማኖት ድረስ መጥቶ ሰላማዊ ሰው አለቀ። ከሞት የተረፉት ወደ ዳባት ሲመጡ ማን ቤት ማን እንደሚያርፍ፣ ማን እንጀራ እንደሚጋግር ለመመደብ አልተቸገርንም። አራት አራት መሆኑን ለምደነዋል።

ዛሬም የእርዳታ ስም ሲዘጋጅ ከእኛ ሰው ካልተቀመጠበት አንቀበልም። ያ ሹም ፖለቲካ ነው ሲለን ክደን ነበር እንጂ አልተሳሳተም፤ ድሀ የራሱን ስም ራሱ ጽፎ በሹም ጠረጴዛ ላይ ሲያኖር ከዚያ የበለጠ ፖለቲካ እኔ አላውቅም።