ወደ ወናጎ የተደረገ ጉዞ፤ ስለ አረጋውያንም አጠባበቅ

ሽማግሌን መጦር በሀገራችን የቈየ ልማድ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ልማዱ መኖሩና ሥራው በሚገባ መሠራቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔም ይህን ልዩነት የተረዳሁት በኅዳር ወር ወደ ወናጎ ሄጄ ባየሁት ነገር ስለ ሆነ፣ ለአንባቢዎች ይጠቅማል ብዬ ሳልጨምርና ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

የአባቴ እኅት በወጣትነታቸው ቡና ነጋዴ አግብተው ወደ ወናጎ ከወረዱ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከአንድ ልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት ዝናብ ባራሰው ደጅ ላይ ወድቀው የጭናቸው አጥንት ተሰበረ። በሆስፒታል ቢታከሙም መራመድ ስላልቻሉ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ቀሩ። ይህ ወሬ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። እኩሌቶቹ «ወደዚህ አምጥተን በክፍያ ከሚቀበል መጦሪያ ቤት እናስገባቸው» አሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ «ዘመድ እያለ መጦሪያ ቤት ማስገባት ነውር ነው» ብለው ተቈጡ። ነገሩም ስላልተቋጨ፣ እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ የሰውን ቃል መጻፍ የለመድሁ ነኝና «አንተ ሂድና መርምረህ ጻፍልን፤ ባመጣኸው ጽሑፍ እንወስናለን» ብለው ላኩኝ።

የማላውቀውን ነገር ልመረምር እንዳልሄድ፣ ከመነሣቴ በፊት መጻሕፍትን ተመለከትሁ፤ በአዲስ አበባም ከመጦሪያ ቤቶች አንዱን ጐበኘሁ። ለደካሞች ቤት መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ፣ በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድኾችና ለሕሙማን ታላቅ ቤት ማሠራቱ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የታወቀ ነው። በእኛም ሀገር አቶ ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ጧሪ አጥተው በየመንገዱ የወደቁትን እያነሣ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ይጦራል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው የማዕከሉ ቃልም በብዙ ሰው አፍ የሚነገር ሆኗል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት መኖሩ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

የሕክምናና የአጠባበቅ ጥራት እንዴት እንደሚመዘን ከጻፉት ሊቃውንት መካከል ስመ ጥር የሆነው በቤይሩት የተወለደው አርመናዊው ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን ነው። እርሱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ባወጣው ጽሑፍ ሦስት መመዘኛ ሰጠ። መጀመሪያው ያለው ነገር ነው፤ ይኸውም ቤቱ፣ ዕቃውና የሠራተኛው ቍጥር ነው። ሁለተኛው የሚሠራው ሥራ ነው። ሦስተኛው ከዚያ ሥራ የተገኘው ውጤት፣ ማለት በሕመምተኛው አካልና ኑሮ ላይ የታየው ለውጥ ነው። እኔም አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ከፍዬ በኪሴ ያዝሁ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቼ በሻሸመኔና በሀዋሳ በኩል ወደ ዲላ ወረድሁ፤ መንገዱ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ሞያሌ የሚወስደው ይኸው መንገድ ዲላን አልፎ ወደ ይርጋ ጨፌ ሲያመራ በመካከሉ ወናጎ ይገኛል። አገሩ ኮረብታማ ነው። ከሩቅ ያየው ሰው ዱር ይመስለዋል፤ ሲቀርብ ግን ሁሉም በሰው እጅ የተተከለና የተጠበቀ መሆኑን ያያል። ከላይ ታላላቅ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱም ጋር ቡና ይበቅላል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ በጌዴኦ ዞን 847,434 ሰው ተቈጥሮ ነበር፤ መሬቱ ግን 1,210 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ ዛፉን ሳያጠፋ መኖሩ የአስተራረሱን ጥበብ ያሳያል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚሁ አገር ቱቱ ፈላ በተባለው ስፍራ የጥንት ሰዎች በመቃብር ላይ ያቆሟቸው፣ አንዳንዶቹም የሰው መልክ የተቀረጸባቸው ብዙ ድንጋዮች አሉ። ለሙታኑ እንዲህ የተጠነቀቀ አገር ለሽማግሌዎቹ ምን ያደርግ ይሆን እያልሁ ከአክስቴ ቤት ደረስሁ።

በመጀመሪያው ማታ ያየሁት ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነበር። ቤቱ ተጠርጓል፤ አልጋው ንጹሕ አንሶላ ለብሷል፤ ቡና ተፈልቷል፤ ለሕመምተኛዋም የቡላ ገንፎ ቀርቧል። ጎረቤቱ እየገባ «እግዜር ይማርዎ» ይላል። አክስቴም «ምን ጐደለኝ ልጄ፤ ምራቴ እንደ እናት ናት» አሉኝ። እኔም ወረቀቴን አውጥቼ በመጀመሪያው ዓምድ «ቤቱም ምግቡም መልካም ነው» ብዬ ጻፍሁ። በማግሥቱ ማልጄ ብመለስ ኖሮ ለቤተ ዘመዱ የሐሰት መዝገብ ይዤ በደረስሁ ነበር።

በእኩለ ሌሊት ግን ነቃሁ። አክስቴ በዝግታ «ውኃ» ሲሉ ሰማሁ። ጥቂት ቈይተው ደገሙ። ሦስተኛ አልጠሩም። ምራታቸው በሚቀጥለው ክፍል ከሁለት ሕፃናት ጋር ተኝታለች፤ ቀኑን ሙሉ ቡና ስትለቅም ውላለችና አልሰማችም። እኔ ተነሥቼ ውኃውን ባቀርብላቸው አክስቴ ደነገጡ። «ምነው ጮክ ብለው አልጠሩም?» ብላቸው «ታዲያ ይህች ልጅ መቼ ትተኛ ልጄ?» አሉኝ። ኋላ እንደ ተረዳሁት ሌሊት ለሽንት ሰው እንዳያስነሡ ብለው ከቀትር በኋላ ውኃ መጠጣት ትተዋል፤ በዚያ ሌሊት የጠሩት ጥሙ ቢጸናባቸው ነው።

ሲነጋ ምራታቸውን «እኅቴ፣ እግራቸውን ስታጥቢ ውኃውን ልያዝልሽ» ብዬ ገባሁ። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ በቀኝ ተረከዛቸው ላይ ሳንቲም የሚያህል ቁስል አየሁ።

ስለዚህ ቁስል አንባቢ ማወቅ ይገባዋል። ሰው ሳይንቀሳቀስ ብዙ ሰዓት ሲተኛ አጥንቱ ሥጋውን ከአልጋው ጋር ይጫነዋል፤ ደም ወደዚያ ስፍራ መድረስ ይሳነዋል፤ ሥጋውም እየሞተ ይሄዳል። ይህ ብዙውን ጊዜ በተረከዝ፣ በዳሌና በጅራት አጥንት ላይ ይደርሳል። የመጀመሪያው ምልክት በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት ነው፤ በጥቁር ገላ ላይ ግን ቅላቱ ጐልቶ ስለማይታይ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ ዳስሶ ማወቅ ያስፈልጋል። መከላከያውም ሕመምተኛውን ሌሊትም ቀንም በየ2 ሰዓቱ ያህል ማገላበጥ፣ ገላው እርጥብ ሆኖ እንዳይቈይ መጠንቀቅ፣ ከባቱ ሥር ትራስ አድርጎ ተረከዙን ከአልጋው ማንሣት፣ ደኅና አድርጎም ማብላትና ማጠጣት ነው። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሰው እንቅልፍ ነው።

አስቀድሜ ምራቲቱን ልወቅሳት አስቤ ነበር። እርሷ ግን ፊቴን አይታ እንዲህ አለችኝ፤ «ጋሼ፣ እናንተ የምትልኩት ብር በየወሩ ይደርሰናል፤ እግዜር ይስጥልን። ሌሊቱን የሚተካኝ ሰው ግን አልመጣልኝም። ባሌ በሞያሌ መንገድ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ በወር ጥቂት ቀን ነው ቤቱ የሚያድር። ቀን ቡና እለቅማለሁ፤ እንሰት እፍቃለሁ፤ ማታ ልጆቹን አስተኛለሁ። እማማን በሌሊት አንድ ጊዜ እነሣና አገላብጣቸዋለሁ፤ ለሁለተኛው እንቅልፍ ይጥለኛል።»

ይህን በሰማሁ ጊዜ ተከሳሹ ማን እንደ ሆነ ዐወቅሁ። እኛ ገንዘብ በመላካችን ብቻ የጦርን መስሎን ነበር።

በሥራዬ ስለ ቀለብ ብዙ መዝገብ አይቻለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኋላም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅና ልጅ፣ ወንድምና እኅትም እርስ በርሳቸው ቀለብ እንዲሰጣጡ ያዛሉ። ቀለብ ማለትም ምግብ ብቻ አይደለም፤ መኖሪያ፣ ልብስና የጤና ጥበቃ ጭምር ነው። እኔን የወንድማቸውን ልጅ ግን ሕጉ አያስገድደኝም። ሕገ መንግሥቱም በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ የቀለብ ፍርድ የሚቈረጠው በብር ነው፤ በሌሊት ተነሥቶ የሚያገላብጥ እጅ በፍርድ አፈጻጸም ተይዞ አይመጣም።

በሦስተኛው ቀን አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ ከሁለት ሰዎች ጋር መጡ። እኔ ሕመምተኛ ሊጠይቁ ብቻ የመጡ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ስለ አንድ የቡና መሬት ወሰን ከአክስቴ ቃል ሊቀበሉ መጥተው ኖሯል። በጌዴኦ ዘንድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት ጉባኤ «ሶንጎ» ይባላል። «ባሌ» የሚባለው የትውልድ ሥርዐትም ሰውን በየዕድሜው ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያሳልፍ ነው፤ ስለ እርሱ የጻፉት ሰዎች እንደሚሉት ደረጃው 7 ሲሆን እያንዳንዱ 10 ዓመት ስለሚይዝ ዙሩ በ70 ዓመት ይፈጸማል። በእንዲህ ያለ አገር እርጅና ከሥራ መሰናበት ሳይሆን የመምከር ተራ መድረስ ነው።

አክስቴ በትራስ ተደግፈው ተቀመጡና «ያ ዋንዛ ከመተከሉ በፊት ወሰኑ ከምንጩ በታች ነበር» ብለው ከ30 ዓመት በፊት የሆነውን ከነምስክሮቹ ስም ተናገሩ። ድምፃቸው በሌሊት ውኃ ሲለምን የሰማሁት ድምፅ አልነበረም። ሽማግሌውን ስሸኝ «አባባ፣ ወደ አዲስ አበባ ልንወስዳቸው እናስባለን» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እዚያስ ነገር የሚጠይቃቸው ሰው አለ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ በወረቀቴ ላይ ልጽፈው ብፈልግ በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ቸገረኝ። በአዲስ አበባ የጐበኘሁት መጦሪያ ቤት ሌሊት የሚነቁ ተረኞች አሉት፤ ሕመምተኛው የተገላበጠበት ሰዓትም ይመዘገባል። በዚህ ከአክስቴ ቤት ይበልጣል። ነገር ግን በቀትር ባየኋቸው ጊዜ ብዙዎቹ አረጋውያን የሚያወጋቸው አጥተው ግድግዳ እያዩ ተቀምጠው ነበር። በዚህ ደግሞ የአክስቴ ቤት ይበልጣል። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1987 በወጣው ሕግ አረጋውያንን ለሠራተኛው ምቾት ሲባል ማሰር ተከልክሏል፤ ከ2008 ጀምሮም በመንግሥት ገንዘብ የሚጦሩትን የሚቀበል መጦሪያ ቤት ሁሉ በምርመራው፣ በሠራተኛው ቍጥርና በሕሙማኑ ሁኔታ ተመዝኖ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጠዋል። የእኛን የየቤታችንን አጠባበቅ ግን መርማሪ አይጐበኘውም፤ ዘመድ ስለ ሆንን ብቻ መልካም እንደ ሠራን እንቈጥረዋለን።

እንግዲህ ሁለቱም ጐድሏል። ፍርዱም የትኛው ጕድለት ይሞላል በሚለው ላይ የቆመ ሆኖ ታየኝ። የሌሊቱን ጕድለት ሰው በመጨመር መሙላት ይቻላል፤ የ50 ዓመት የወናጎን ኑሮ ግን በመኪና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ መውሰድ አይቻልም።

ይህን ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ ዋናውን ሰው ማንም እንዳልጠየቀ ትዝ አለኝ። ገብቼም «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አልኋቸው። አክስቴም «እዚሁ ብኖር እዚሁም ብቀበር ደስ ይለኛል። ነገር ግን ይህችን ልጅ ገድዬ መኖር አልሻም። የሚያግዛት ካጣችሁ ውሰዱኝ» አሉ።

ለቤተ ዘመዱ የጻፍሁት ሐሳብ ይህ ነው። ከምንልከው ገንዘብ ለአንዲት የሠፈር ሴት ደመወዝ ተቈርጦ ሌሊቱን እርሷ ትንቃ። ከጤና ጣቢያ ነርስ እየመጣች ቁስሉን ትጠብ። ከአልጋው ራስጌ ወረቀት ተሰቅሎ የተገላበጡበትና ውኃ የጠጡበት ሰዓት ይጻፍ። ከእኛም አንዳንዳችን በየወሩ ለአንድ ሳምንት እየወረድን ምራቲቱን እናሳርፋት። በ3 ወር ውስጥ ቁስሉ ባይዘጋ ወይም ሌላ ቢከፈት ግን ወደ መጦሪያ ቤት እንውሰዳቸው፤ ያን ጊዜ ነውር ነው የሚል ሰው አስቀድሞ የሌሊት ተራውን ይግባ። ዘመዶቼም በስልክ ተሰብስበው ተስማሙ። የመጀመሪያውን ተራ እኔ ገባሁ፤ ምራቲቱም በዚያ ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛች።

በ12ኛው ቀን ስነሣ ቁስሉ አልዳነም ነበር፤ ዙሪያው ግን እብጠቱን ትቷል። በመጨረሻው ሌሊት አክስቴ ውኃ ሲጠሩ ድምፃቸው ከጎረቤት የሚሰማ ነበር፤ የሚነሣ ሰው መኖሩን ዐውቀዋልና።

አንባቢ ሆይ፣ ወላጅህን ወይም ዘመድህን ልትጠይቅ በሄድህ ጊዜ፣ በቤት ቢሆን በመጦሪያም ቢሆን፣ የቀረበልህን ቡና ከጠጣህ በኋላ ሦስት ነገር ተመልከት። ተረከዙን ገልጠህ እይ። በሌሊት ቢጠራ ማን እንደሚነሣ ጠይቅ። ምክር የጠየቀው ሰው መጨረሻ መቼ እንደ መጣም ጠይቅ። ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካጣህ ግን እዚያው ተቀመጥና አንተ ራስህ ምክር ጠይቀው።