ቀሚሱ 9 ዶላር፣ ስፌቱ 20

አዲስ አበባ ላደግን ብዙዎቻችን የክት ቀሚስ የሚጀምረው ከጨርቅ ነው። መርካቶ ተወርዶ፣ ጨርቅ ተመርጦ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ከዚያ የሰፈር ልብስ ሰፊ ዘንድ ይኬዳል። ጋሼ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ያወርድና ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ ከወገብ እስከ ጉልበት እያለ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል። ወገቡ ይጥበብ ወይስ ላላ ይበል? ከታች ይለቀቅ? አብራ የሄደች ጎረቤት ካለች ደግሞ ምክሩ በነፃ ነው፤ «ኧረ ክንዷ ወፍራም ነው፣ እጅጌ ይኑረው!» ትላለች፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ። ያኔ መሬት ብትከፈትልኝ እል ነበር። አሁን ሳስበው ግን እዚህ አሜሪካ ስታይሊስት ተብሎ በሰዓት የሚከፈለው ሰው የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው።

እዚህ ሜሪላንድ ቀሚሱ ተሰፍቶ፣ ቁጥር ተለጥፎበት ነው የሚጠብቀኝ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለራስ ያለንን ግምት ስለሚያድን ትንሽ ልበልበት። እ.ኤ.አ. በ1939 እና 1940 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር 15,000 ገደማ ሴቶችን አስለክቶ ውጤቱን በ1941 አሳተመ። ነጭ ያልሆኑ ሴቶችም ተለክተው ነበር፤ ልካቸው ግን ከስሌቱ እንዲወጣ ተደረገ። በዚያ ላይ ተመሥርቶ በ1958 የመንግሥት ደረጃ ወጣ፤ በ1983 ደግሞ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ኩባንያ ደንበኛዬ ደስ ይበላት ብሎ ቁጥሩን እንደፈለገ ያሳንሳል። አንዱ ሱቅ 8 የሆንሽው ሌላው ሱቅ 12 ብትሆኚ በመንገድ ላይ አልወፈርሽም። የእኔና የእህቶቼ ችግር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ዳሌ ላይ ልክ የሆነው ወገብ ላይ ሁለት ሰው ያስገባል፤ ወገብ ላይ ልክ የሆነው ዳሌ ላይ አያልፍም። የፋሽን መጽሔቶች የሴትን አካል «ፒር ቅርጽ» ወይም «ፖም ቅርጽ» እያሉ በፍራፍሬ ይመድቡታል። አትክልት ተራ የተገኘን ይመስል! እኔ እንደ ጋሼ ደብተር ሦስት ቁጥር ብቻ ይበቃኛል፤ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ።

የርካሽ ልብስ ነገር አገር ቤትም እዚህም አለ፤ የሚለየው ከተገዛ በኋላ የሚደረገው ነው። አገር ቤት ሳልባጅ የሚገዛ ሰው ሳልባጅ መሆኑን አይናገርም፤ «ከውጭ ተልኮልኝ ነው» ይላል። እዚህ ደግሞ አሮጌ ልብስ ከሚሸጠው ከጉድዊል የተገዛ ቀሚስ ሲመሰገን የለበሰችው ወዲያው «9 ዶላር!» ትላለች፣ በኩራት። ይህን ነገራቸውን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ሳልባጁን የገዛችው የአዲስ አበባ ልጅ ቤቷ ሳትገባ በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግቶ ከተቀመጠው ሰፊ ዘንድ ጎራ ትላለች። ወገቡ ይገባል፣ እጅጌው ያጥራል፣ ከታች ይዘመዘማል። የለበሰችው ልብስ ለሌላ ሰው የተሰፋ መሆኑ አያስታውቅም። እኛ እዚህ መጥተን ርካሹን ይዘን መርፌውን ጣልነው። ቁም ሳጥናችን ሞልቶ «የሚለበስ የለኝም» የምንለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ልብሱ አለ፣ በልካችን የሆነው ነው የሌለው።

ስለዚህ የእኔ በጀት እንዲህ ነው፦ ቀሚስ በ40 ዶላር ከመግዛት በ9 ዶላር ገዝቶ ለማስተካከያ ስፌት (ኦልተሬሽን) 20 መክፈል። በየሰፈሩ ያሉ የልብስ ንጽሕና መስጫዎች ብዙዎቹ ይህን ይሠራሉ። ታዲያ ሲገዛ ዓይን ሊያርፍበት የሚገባው ቦታ አለ። ርካሽ ልብስ ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ስለማይተውለት ማጥበብ እንጂ ማስፋት አይቻልም። እንግዲህ ሰፊ በሆነው አካላችን ልክ መግዛት ነው፤ ዳሌ ሰፊ ከሆነ በዳሌ፣ ደረት ከሆነ በደረት። ወገቡን ልብስ ሰፊው ያስገባዋል። ትከሻው ግን ካልተስማማ እዚያው መተው ይሻላል፤ ትከሻ ማስተካከል እጅጌውን ፈትቶ እንደገና መግጠም ስለሆነ ከቀሚሱ ዋጋ ይበልጣል። ገበር ያለው ልብስም ሁለት ጊዜ እንደመስፋት ነው፤ ያስከፍላል። ርዝመቱ ደግሞ ባት ከሚወፍርበት ቦታ ላይ እንዳይቆም። ከጉልበት ዝቅ ብሎ እግር ቀጠን የሚልበት ቦታ አለ፤ ከመስታወት ፊት ጨርቁን ከፍና ዝቅ ቢያደርጉት ራሱ ያሳያል። ጫማውንም አድርጎ መሞከር ነው፣ በካልሲ የተለካ ርዝመት ሠርግ ቤት ያሳፍራል።

መርፌ ጨርሶ የማይፈልግ ቀሚስ ከተፈለገ ደራርቦ ወገብ ላይ የሚታሰረው አለ፤ ዲዛይነሯ ዲያን ቮን ፈርስተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1974 ያስፋፋችው። ማሰሪያውን በወገብ ልክ መሳብ ስለሚቻል ዳሌ ለሰፋም፣ ከወሊድ በኋላ ሆድ ለመጣም ይሆናል። አንገቱ ወደ ታች ስለሚሾል አጭር አንገትንም ያስረዝማል። አሮጌ ልብስ ከሚሸጥበት ቤት አይጠፋም።

ጌጣጌጥ ላይ ስንመጣ ግን አስተማሪዬ የሀበሻ ቀሚስ ነው። ከአንገት ተነስቶ ፊት ለፊት እስከ ታች የሚወርደው ጥበብ ሰውን ያስረዝማል፤ ዓይን መስመሩን ተከትሎ ወደ ታች ይሄዳላ። ነጠላው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ጠባብ ትከሻን ሞላ አድርጎ ከሰፊ ዳሌ ጋር ያመዛዝናል። መቀነቱ ደግሞ ወገብ ባለበት ወገቡን ያወጣል። ይኸው ሥራ በጥቂት ዶላር ይሠራል፦ በነጠላው ፋንታ ትከሻ ላይ የሚጣል ስካርፍ፣ በጥበቡ ፋንታ ከደረት በታች የሚወርድ ቀጭን ሃብል፣ በመቀነቱ ፋንታ ቀበቶ። ቀበቶ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሽንጧ አጭር የሆነ ሴት ወፍራም ቀበቶ ስታደርግ መሐሏ ይጠፋል፤ ቀጭን፣ ከቀሚሱ ጋር አንድ ቀለም የሆነ ይሻላታል። ሆድ ያላት ከደረት ዝቅ አድርጋ ከፍ ታስረው። ጉትቻና ሃብል ሁለቱም ትልቅ ሲሆኑ ይጣላሉ፣ አንዱ ዝም ይበል።

አገር ቤት የነጠላ አጣጣል ከማማር ያለፈ ነገር እንደሚናገርም አይረሳ። ጥለቱ ወደ አንገት ሲወጣ ሐዘን ነው። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ጥለቱ ፊታቸውን ስላደመቀ ብቻ ወደ ላይ አድርገውት ሠርግ ሲመጡ እናቶች ደንግጠው «ምነው፣ ምን ሰማችሁ?» ይላሉ።

አሁን አሁን ብዙዎቻችን ቀሚስ የምናሰፋው ከሽሮ ሜዳ ነው፤ ልኩን በቴሌግራም ልከን፣ ቀሚሱ በመንገደኛ ሻንጣ ይመጣል። ጋሼ የሌለበት ልኬት ነውና ብልሃት ይፈልጋል። የሚለካው ከሥር የምንለብሰውን ጡት መያዣ አድርገን፣ ሌላ ሰው ይዞልን እንጂ ራሳችን ጎንበስ ብለን አይደለም፤ ጎንበስ ሲባል ወገብ ይዋሻል። ቁጥሩን ስንልክ በሴንቲ ለክተን «ሴንቲ» ብለን እንጻፍበት፤ የአሜሪካ ሜትር ሁለት ገጽ ስላለው 36 ኢንች ወገብ 36 ብቻ ተብሎ ከሄደ እዚያ የሚነበበው በሴንቲ ነው፣ ትክክለኛው ግን 91 ተኩል ገደማ ነው። በልካችን የመጣውም የፈትል ቀሚስ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ድራየር ከገባ ስለሚሰበሰብ በቀዝቃዛ ታጥቦ ተሰጥቶ ይድረቅ። ከሁሉ በላይ በየጎኑ ስፌት ውስጥ ሁለት ሦስት ሴንቲ ትርፍ እንዲተዉ አስቀድሞ መንገር ነው፤ ካልተነገራቸው ቆርጠው ይጥሉታል። እዚህ ወገብ በየዊንተሩ ይለዋወጣል፤ ትርፉ ካለ የሰፈራችን ሰፊ ከፍቶ ያሰፋዋል።