ፔጆዋ ምን ሞተር ትልበስ?

ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ የሚወራው ሞተር ብቻ ነው። የአጎታችን 404 ፔጆ ዘይት መጠጣት ከጀመረች ቆየች፤ አሁንማ ከኋላዋ የሚመጣ ሰው የሚያየው ጭሷን እንጂ እሷን አይደለም። መካኒኩ «ሞተሩ መውረድ አለበት» ባለ ማግስት እኛ የእህትና የወንድም ልጆች በሦስት ፓርቲ ተከፈልን። አንደኛው ወገን የድሮው ቤንዚን ሞተር ይታደስ ይላል። ሁለተኛው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ይገጠምላት ባይ ነው። ሦስተኛው ፓርቲ አባሉ አንድ ብቻ ነው፣ ውጭ አገር ያለው የአክስታችን ልጅ። በስልክ «ሽጧትና ኤሌክትሪክ ግዙ» ይለናል።

በቢዮ አዋሌ ፒስታ ላይ ሽንኩርትና ሰው ጭና የምትንገዳገድ መኪና ምን ምርጫ ያስፈልጋታል የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆይ! 404 ማለት እኮ በ1960 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ፒኒንፋሪና የተባለው የጣሊያን ቤት መልኳን የሠራላት፣ ከኋላ ክንፍ ያላት ወይዘሮ ነበረች። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። በ1963ቱ ውድድር 84 መኪኖች ተነሥተው የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ። ከሰባቱ መጀመሪያ የገባችው ይቺው ናት። ዛሬ ስለ ስፖርት ሴዳን የሚያወሩ ልጆች ጭቃ ላይ ያን ያህል የተፈተነ መኪና ያውቃሉ?

ሐረርና ድሬ ደግሞ ፔጆን በታክሲነት ያኖሯት ከተሞች ናቸው። (የሐረርን «መኪና ግርግር» የፔጆ ሰፈር የሚመስላችሁ እንዳትኖሩ፤ እዚያ «መኪና» የተባለው የልብስ ስፌቱ ነው።) የፈረንሳይ ነገር ለድሬ እንግዳ አይደለም። ከተማዋን በ1902 እ.ኤ.አ. የወለዳት የጅቡቲ ባቡር አይደል?

ወደ ደረጃዎቹ እንምጣ። 404 አንድ ዓይነት አልነበረችም። የተለመደችው 1,618 ሲሲ ቤንዚን ሞተር ከካርቡራተር ጋር ነበራት፤ ጉልበቷ በዘመኑ አቆጣጠር 72 ፈረስ። ከእሷ በታች 1,468 ሲሲ ሞተር ያላት፣ ጌጥ የቀነሰች ርካሽ ዓይነት ኋላ ላይ መጣች። ከበላይ ደግሞ ካርቡራተሩን ጥላ በኩገልፊሸር ፖምፓ ቤንዚን የምትረጨዋ አለች፤ እሷ በ85 ፈረስ ጀምራ በኋላ 96 ደረሰች። ናፍጣም ነበራት፣ በመጨረሻ 1,948 ሲሲ። ሱፐር ሉክስ የሚሉት ደረጃ የቆዳ ወንበር ነበረው።

አጎታችን የእሱ መኪና ሱፐር ሉክስ መሆኗን ይምላል። (አዎ፣ «እሱ» ነው የምንለው፤ በድሬ አንቱታ ብርቅ ነው።) ወንበሯ ስንት ጊዜ በላስቲክ እንደተለበጠ ፈጣሪ ይወቅ፣ ስለዚህ ከቆዳው ማስረጃ አይገኝም። ኮፈኑን ከፍተን ስናይ ግን የተቀመጠው ካርቡራተር ነው። «አውጥተውት ይሆናላ!» አለን። ተውነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ወረቀት ላይ ምርጥ የሆነችው ባለፖምፓዋ ለኛ የመጨረሻዋ ምርጫ ነበረች። ያን ፖምፓ የሚያስተካክል ሰው እኛ ሰፈር የለም። ካርቡራተር ግን በሽቦና በትንፋሽ የሚያጸዱት የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች አሉልን። ችግሩ ዳገቱ ላይ ነው። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ለኮንትራት ሲሄድ ደንገጎን ወጥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን አይቀንስም፤ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሄዳል። 72ቱ ፈረሶች ላይ ሲደርሱ 60 አይሞሉም። እነሱም አርጅተዋል።

የናፍጣ ፓርቲ የሚያሸንፈን እዚህ ላይ ነው። ናፍጣ በዝቅተኛ ዙር ይጎትታል፣ ጭነት አያስፈራውም፣ በሊትርም ብዙ ይሄዳል። ግን ሞተሩ ከባድ ነው፤ የፊት ሞላው ይጎብጣል፣ ካምቢዮውም አብሮ መለወጥ አለበት። ከዚያ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ሌላ፣ ኮፈን ውስጥ ያለው ሌላ ሊሆን ነው። ቦሎ ሊያወጣ ሲሄድ የሚጠብቀውን ምልልስ አስቡት።

የአክስታችን ልጅ የላከልን ፎቶ ደግሞ ቢዋይዲ ሲል የምትባል ሴዳን ናት። አይፈረድበትም፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ የአዲስ መኪና ወሬ ሁሉ ባትሪ ሆኗል። «ስንት ሲሲ?» የሚለው ጥያቄ ሞተ፣ «ስንት ኪሎዋት ሰዓት?» ተተካ። ሲልም ደረጃ አላት። ትንሿ 61.4፣ ትልቋ 82.5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አላቸው። በአራቱም እግሯ የምትነዳዋ ከዜሮ ተነሥታ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ3.8 ሴኮንድ ትገባለች። ቀጭን አየር አይገዳትም፣ ደንገጎን ስትወርድም ፍሬኗ ባትሪ ይሞላላታል። እኛም ፎቶውን ስናየው አማረን፣ አንዋሽም። ግን ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። እኛ ሰፈር ፒስታ ላይ 3.8 ሴኮንድ ውስጥ የሚሆነው ነገር የታችኛው ሽፋን መውደቅ ነው። መብራት ሲጠፋስ?

ደግሞ አጎታችን ፍጥነት አይሸጥም። ባጃጅ ከተማውን ከወረሰች በኋላ የቀረችው እንጀራ ከቢዮ አዋሌ ቀፊራ ገበያ የሚወርዱትን እናቶች ከነዕቃቸው ማመላለስ ነው። የኋላዋ ሰፊ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ የማይገባ ጆንያ ይገባባታል። የኛም የጋዜጠኝነት ዲግሪ፣ የታናሽ እህታችንም የነርስነት ትምህርት ከዚያችው ኋላዋ ወጥቷል። መኪናዋ በቆመችባቸው ሦስት ሳምንታት ግን ከደንበኞቹ አራቱ ሌላ ሰው ይዘዋል። ነገሩ ያሳሰበን ያኔ ነው።

ማክሰኞ ማታ ድምፅ ሰጠን። ቤንዚን አምስት፣ ናፍጣ አራት፣ ኤሌክትሪክ አንድ (በስልክ)። አጎታችን ድምፅ አልሰጠም፤ ለካ ፋሻውንና ኩሺኔታውን ሰኞ ዕለት አዝዞ ኖሯል። ቴስታታው ተፈትቶ ማንጎው ሥር ጨርቅ ላይ ተቀምጧል፣ ዕቃው ከጅቡቲ እስኪመጣ ዶሮዎቹን የማባረር ተራ ወጥቶልናል።